በመጽሐፉ ራስጌ የተቀመጠችው ልጅ

ምክትል ርዕሰ መምህሩ «ይቺ ልጅ ማንበብ አትችልም» ሲሉኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ገና አሁን፣ በፊታችን፣ ስምንት ገጽ ሳትደናቀፍ ተወጥታዋለች። ጣቷ ከመስመር መስመር ሲወርድ አይቻለሁ። አራት ነጥብ ላይ ቆማለች፤ ጥያቄ ላይ ድምጿን አንስታለች። አክስቷ አጠገቤ ተቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ ነበር።

«ምነው ጋሼ፣ አልሰሙም እንዴ?» አልኳቸው።

«ሰምቻለሁ። አንተ ግን አላየህም። ና፣ በዚህ በኩል ዙር።»

ዞርኩ። ያየሁትን ከመናገሬ በፊት ግን እንዴት እዚያ ቢሮ እንደደረስን ልናገር፤ አለዚያ የድንጋጤዬ ልክ አይገባም።

ጎንደር ውስጥ ካለ አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በስተጀርባ ለልጆች የተተወች ክፍል አለች። አንድ ሰሌን፣ ሁለት መደርደሪያ፣ ዝናብ ሲመጣ የሰው ድምፅ የሚውጥ የቆርቆሮ ጣራ። እኔ ወደዚያ ቤት የምሄደው ለራሴ ነበር። ቅኔ ቤት አልገባሁም፤ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍልም አላለፍኩም፤ ግጥም ያስተማርኩት ራሴን በራሴ ነው። ይህን ጎንደር ላይ ጮክ ብሎ መናገር ትንሽ ድፍረት ይጠይቃል። በየደብሩ ጓሮ ቅኔ የሚቆጥር ተማሪ ባለበት ከተማ «ገጣሚ ነኝ» ስትል መጀመሪያ የምትጠየቀው «ከማን ዘንድ ተማርክ?» ተብለህ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ በመደርደሪያዎቹ መካከል ሲሯሯጡ ስንኝ አልገጥም አለኝና የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ «አንድ ነገር ላንብብላቸው?» አልኳት።

«ዝም ካሰኘህልኝማ ጽድቅ ነው» አለች።

ተረት ሰዓት ያልነው ነገር እንዲህ ተጀመረ።

እኔ አንድ ነገር ከያዝኩ ልቤ አያርፍም። ለየቅዳሜው ዕቅድ መጻፍ ጀመርኩ። መጀመሪያ ልጆቹን የሚሰበስብ አጭር መዝሙር፤ ከዚያ መጽሐፉ፤ ከዚያ «እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?» የሚል ጥያቄ፤ በመጨረሻ ሥዕል። ቅብጥብጡ ልጅ ከፊት፣ ዝምተኛው ከጎኔ። ዝናብ ከመጣ ተረቱ ይቀርና በእጅ ምልክት የምንጫወተው ጨዋታ ይተካዋል። አንድ ነገር ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው አስተማሩኝ፦ አዲስ መጽሐፍ አይናፍቁም። የወደዱትን «ድገመው» ነው የሚሉት። የወደዱት ደግሞ ድልድይ አልሻገርም ስላለ አህያ የምታወራ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ነበረች። አሥራ አንድ ቅዳሜ ደጋገምኳት።

መጽሐፏ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደረቅ ናት። «አህያው ቆመ። ድልድዩ ጠባብ ነው። ሰውየው ገፋው።» እንዲህ እያለች ትቀጥላለች። እኔ የማልችለው ነገር ቢኖር ደረቅ ዓረፍተ ነገር እንዳለ ማለፍ ነው። ከሁለተኛው ቅዳሜ ጀምሮ አሳመርኳት። «አህያው ቆመ፤ ጆሮውን እንደ ጦር ቀስሮ ወንዙን እንደ ባላንጣ አየው።» ሰውየውም በእኔ አፍ አልገፋውም፤ «ለመነው፣ አቆላመጠው፣ በሰባት ትውልዱ ማለለት»። ልጆቹ በሳቅ ይንከባለላሉ። መጽሐፏን ደረቴ ላይ አስጠግቼ፣ ገጹን ወደ ራሴ አድርጌ፣ ቆሜ ነበር የማነብላቸው። አልፎ አልፎ ሥዕሉን ብልጭ አድርጌ አሳያቸውና መልሼ እወስደዋለሁ። ዓይናቸው ሁሉ እኔ ላይ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ልጅቷ የመጣችው በሦስተኛው ወይ በአራተኛው ቅዳሜ ነው። ሌሎቹ የአምስትና የስድስት ዓመት ልጆች ናቸው፤ እሷ ዘጠኝ ሞልቷታል። ያደገችው ከትክል ድንጋይ ከተማ ወጣ ብሎ ገጠር ነው። እዚያ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ስለከረመ ደጃፉን አልረገጠችም፤ በዚህ ምክንያት ነው አክስቷ ወደ ከተማ ያመጣቻት። አክስትየው ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርትና ቃሪያ ትሸጣለች፤ ገበያው እስኪበርድላት ልጅቷን እኛ ዘንድ ታስቀምጣታለች። በመጀመሪያው ቀን ልጅቷ በሩን በአንድ እጇ ይዛ አየችኝና፣

«አያ፣ ልግባ?» አለች።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በእነሱ አገር አያ የሚባለው ዕድሜው የገፋ ሰው ነው፤ የእኔ ጢም ደግሞ ገና እርስ በርሱ አልተገናኘም። አንዷ የከተማ ልጅ፣ «አያ፣ ከዘራዎን ማን ወሰደብዎት?» ብላ አሾፈችብኝ። እንግዳዋ ልጅ ግን ቃሏን አልለወጠችም። ገብታ ከሁሉም ኋላ ተቀመጠች፤ ጉልበቷን አቅፋ፣ አንገቷን ቀብራ፣ ቁመቷ እንዳይታይባት።

በሐምሌ መጀመሪያ አክስቷ መጣችና በር ላይ ያዘችኝ።

«ወንድሜ፣ ትምህርት ቤት ላስመዘግባት ሄጄ አንደኛ ክፍል ትግባ አሉኝ። እሷ ደግሞ ከሕፃን ጋር ከምቀመጥ አገሬ እገባለሁ አለች። አፏን ሞልታ ነው ያለችው፤ ታደርገዋለች። እዚያ ሄዳ ምን ልትማር? የተዘጋውን ትምህርት ቤት አጥር?»

«ሌላ መንገድ የለም?»

«ምክትሉ፣ ማንበብ ከቻለች ከእኩዮቿ ጋር ሦስተኛ ክፍል አስገባታለሁ ብለዋል።»

«ታነባለች እንዴ?»

«ምን ማለትህ ነው? ያቺን የአህያ መጽሐፍ ተውሳ ስትመጣ ከዳር እስከ ዳር ትወጣት የለም! ጎረቤት ተሰብስቦ ጉድ ብሏል።»

ልጅቷን ጠርቼ «እስቲ» አልኳት። መጽሐፏን ገለጠች፣ ጣቷን አስቀመጠች፣ ጀመረች። «አህያው ቆመ፤ ጆሮውን እንደ ጦር ቀስሮ...» የራሴን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ስሰማ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር። ትንፋሹ ሳይቀር የእኔ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ሰማኋት። ያን ጊዜ ዓይኔን ባልጨፍን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ።

እንግዲህ ይህን ተማምነን በሄድንበት የምክትሉ ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛውን ዞሬ ከልጅቷ ትከሻ በላይ ገጹን አየሁ።

«ጣቷ ያረፈበትን አንብብልኝ» አሉኝ።

«ሰውየው... ገፋው።»

«እሷ ምን አለች?»

ሁለት ቃል ብቻ ባለበት መስመር ላይ ልጅቷ ለመነው፣ አቆላመጠው፣ በሰባት ትውልዱ ማለለት ብላለች። ምክትሉ ቀጥለው አንድ ፊደል ላይ እርሳሳቸውን አሳረፉ። «ይህ ማን ነው?» ልጅቷ ፊደሉን አየች፣ ከዚያ ጣራውን አየች፣ ከዚያ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ከሀ ሁ ሂ ተነስታ በዜማ ትወርድ ጀመር፤ ዜማው የት ላይ ማቆም እንዳለባት ግን አይነግራትም። አለቀባት። ወደ እኔ ዞረች።

«አያ፣ አንቱ እንዲህ አልነበር ያሉት? እኔ አልጨመርኩም፤ አልቀነስኩም።»

እውነቷን ነው። የጨመርኩትም የቀነስኩትም እኔ ነኝ። በሰው ፊት እንዲህ ራቁቴን የቀረሁበት ቀን አላስታውስም፤ ጆሮዬ ውስጥ የሚጮኸው ነገር የትምህርት ቤቱ ደወል መስሎኝ ወደ መስኮቱ ዞሬ ነበር።

«ምንድን ነው? ምን ተበላሸ?» አለች አክስትየው፤ ፊደል ስለማትለይ ከሁላችን ፊት ላይ ነበር ነገሩን የምትፈልገው።

«ልጅቷ ጥፋት የለባትም፤ ጭንቅላቷም ሸጋ ነው» አሉ ምክትሉ። «የሰማችውን ይዛለች። የሰማችው ነው እዚህ የሌለው።» ከዚያ ቀና ሳይሉ፣ «መስከረም ትምህርት ሳይከፈት አንድ ጊዜ አምጧት፤ አያታለሁ። ያን ጊዜም ይኸው ከሆነ አንደኛ ክፍል ነው፤ እኔ ምንም ማድረግ አልችልም» አሉን።

ስንወጣ ልጅቷ ከፊታችን ትሄዳለች። አክስትየው መንገዱ መታጠፊያ ላይ ቆመችና፣ «ገጣሚ ነህ አሉኝ» አለች።

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

«እንግዲህ ለአህያው ከሰጠኸው ግጥም ለልጅቷ አንድ ፊደል ብትቀንስላት ምን ነበረበት?»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁሉንም ልጆች ፈተንኳቸው። አሥራ አንድ ጊዜ የሰሟትን መጽሐፍ ገልጬ «አህያ የሚለው ቃል የት ነው?» አልኩ። አራቱ ሥዕሉን ነኩልኝ። አንዱ ገጹን አገላብጦ ከኋላ ፈለገው። የከዘራዋ ቀልደኛ ደግሞ ጣቷን አገጬ ላይ አስቀምጣ «እዚህ ነው፤ ከዚህ ነው የሚወጣው» አለች። ሳቁ፤ እኔ ግን መቀመጥ አስፈለገኝ። ወራት ሙሉ መጽሐፍ የሚባለው ነገር ለእነዚህ ልጆች እኔ ስናገር የምይዘው ዕቃ ነበር፤ እንደ ጭራ፣ እንደ መቋሚያ።

ዕቅዴን ቀድጄ አዲስ ጻፍኩ። ተረት ሰዓቱ ቅዳሜ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ክረምቱን በሳምንት አራት ቀን ሆነ። የተጻፈው ብቻ ይነበባል፤ አንድ ቃል እንኳ አይጨመርም። «ድልድዩ ጠባብ ነው» ብዬ ምላሴን የነከስኩበት ቀን አለ። መጽሐፉ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፣ ገጹ ወደ ልጆቹ ይዞራል፣ እያንዳንዱ ቃል በጣት ይነካል። በየቀኑ አንድ ፊደል እንመርጥና በገጹ ላይ ስንት ጊዜ እንዳለ አድነን እንቆጥራለን። ከካርቶን የቆረጥኳቸውን ፊደሎች ሰሌኑ ላይ ወደ እነሱ አዙሬ በትኜ እንዲገጣጥሙ አደርጋለሁ።

መጽሐፉን ወደ ልጆቹ ካዞርኩ እኔ ያለሁት በራስጌው ነው፤ ፊደሉ ለእኔ ተዘቅዝቆ ይታየኛል። ከላይ ቁልቁል ማንበብ መጀመሪያ ራሴን አመመኝ፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን እንደ ቀናው ሆነልኝ፤ እንዲያውም ኮራሁበት።

ልጅቷ አሁንም ከሕፃናቱ መካከል መቀመጥ አልወደደችም። አሰብኩና «ረዳቴ ሁኚ» አልኳት። ከእኔ ወገን፣ ትከሻዋ ትከሻዬን እየነካ ተቀመጠች። ገጽ የምትገልጠው እሷ፤ ቃሉን በጣቷ የምትነካው እሷ። ወዲያው ቀና አለች፤ ያ አንገቷን የመቅበር ነገር ጠፋ። የከተማ ልጆቹ «እትዬ ረዳት» እያሉ ሲቀልዱባት «ዝም በሉ፣ ፊደል ቁጠሩ» ብላ ትመልስላቸዋለች።

አንድ ቀን ዝናቡ ጣራውን ሲወቅጥ ሁላችንም ዝም ብለን ሳለ ጣቷ ገጹ ላይ ሲሄድ አየሁ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጆሮዬን አስጠጋሁ። «ድ... ል... ድ... ይ።» ከመቀመጫዬ ዘልዬ ልነሳ ምንም አልቀረኝም። በዚህ ጊዜ ግን አልተታለልኩም፤ ዓይኔን ከፍቼ ነበር። ሰምታው የማታውቀውን መጽሐፍ አምጥቼ እንደወትሮው በርጩማው ላይ ዘረጋሁላት፤ ሥዕሉን በእጄ ሸፈንኩ፤ ከመካከል ጀመርኩ፤ ገጽ ዘለልኩ። አነበበች። ቀስ ብላ፣ እየተንገዳገደች፣ ግን የተጻፈውን አነበበች። በነሐሴ ማብቂያ ለአክስቷ «አሁን ውሰጃት፤ እኔም እመጣለሁ» አልኳት።

ምክትሉ በዚህኛው ቀን የራሳቸውን መጽሐፍ ነበር ያዘጋጁት፤ ሥዕል የሌለው፣ እኛ አይተነው የማናውቅ። ገልጠው ልጅቷ ፊት ቀጥ አድርገው አስቀመጡላት።

«ከዚህ ጀምሪ።»

ልጅቷ አየችው። ጣቷን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበች። «ወ...» አለች ድንገት፣ ከመስመሩ መካከል አንድ ክብ ፊደል ለይታ። ከዚያ ጠፋባት። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ።

«በይ እንጂ! ምነው?» አለች አክስትየው።

ምንም የለም። ትናንት ከእኔ ጋር ሁለት ገጽ የጨረሰች ልጅ ፊደል በሕይወቷ አይታ እንደማታውቅ ሆናለች። ምክትሉ አዩኝ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ያዘኑልኝ መሰሉ። እርሳሳቸውን አነሱና የመመዝገቢያውን ቅጽ ወደ ራሳቸው ሳቡ።

ልጅቷ ቅጹን አየች፣ እኔን አየች። «አያ» አለችኝ በሹክሹክታ፣ «መጽሐፉ ተዘቅዝቋል።»

«ቀጥ ብሏል እኮ፣ ልጄ» አሉ ምክትሉ።

«አልቀናም።» እጇን ዘርግታ መጽሐፉን አዞረችው። ራስጌውን ወደ ሆዷ፣ ግርጌውን ወደ ምክትሉ። ከዚያ ጣቷን ለራሷ ቅርብ በሆነው መስመር ላይ፣ በቀኝ ጫፍ አስቀመጠችና ወደ ግራ ነዳችው። መስመሩ ሲያልቅ ወደ ላይኛው ወጣች። «በ... ክረምት... ወንዙ... ሞልቶ... ስለነበር... ነጋዴዎቹ... ሁለት ቀን... ቆዩ።»

እኔ ከመደንገጤ የተነሳ መጀመሪያ የተረዳሁት የምታነበውን አልነበረም፤ የተቀመጠችበትን ነው። ክረምቱን ሙሉ ከእኔ ወገን ነበረች። ለሕፃናቱ ፊደሉን አቅንቼ፣ ለእሷ ዘቅዝቄ አስተምሬያታለሁ። እኔ ራሴ የተዘቀዘቀ ማንበብ ስለለመድኩ ልብ አላልኩም፤ ረዳቴ ካደረግኳት ወዲህ አንድ ቀን እንኳ መጽሐፍ ለብቻዋ ይዛ አላየኋትም። ትንንሾቹ ቀንቶላቸዋል፤ የተገለበጠው ለእሷ ብቻ ነው፤ ትምህርቷ የተንጠለጠለባት ግን እሷ ብቻ ነበረች።

«ቤትም እንዲሁ ነው የምትይዘው!» አለች አክስትየው እጇን አፏ ላይ ጭና። «እኔ በምን አውቄ! የመጽሐፍ ወጉ ነው ብዬ!»

ምክትሉ መጽሐፉ አሁን ቀጥ ብሎ ስለሚታያቸው ጎንበስ ብለው ከልጅቷ ጣት ጋር እኩል ይከተሉ ነበር። ገጹ ሲያልቅ ሌላ ገጽ ከመካከል ገለጡ። አነበበች። ከመሳቢያቸው የታተመ ማስታወቂያ አውጥተው ዘቅዝቀው ሰጧት። አነበበች፤ «ያሳስባል» የሚለው ላይ ብቻ ሁለት ጊዜ ወደቀች። በጎኑ ሲያዞሩባት ጠፋት። ያኔ ወደ ወንበራቸው ተመልሰው ሳቁ፤ እንደዚያ ሰፋ አድርገው የሚስቁ ሰው መሆናቸውን አልጠበቅሁም ነበር።

«የኔታ ዘንድ ስንማር» አሉ፣ «ዳዊቱ አንድ፣ እኛ ስድስት። በግራ በቀኝ ትልልቆቹ ተቀመጡ። ለእኔ የተረፈኝ ራስጌው ነው። ዲያቆን ሆኜ መጽሐፍ ለብቻዬ እስክይዝ ድረስ ፊደል ሁሉ በራሱ የቆመ ይመስለኝ ነበር።» ወደ እኔ ዞሩ። «የእኛስ መጽሐፍ አጥተን ነው። አንተ መደርደሪያ ሙሉ ይዘህ?»

«ትቀናለች?» አልኳቸው።

«ፊደሉን ታውቀዋለች። ማዞር ነው የቀራት። እኔ በአንድ ወር ቀናሁ። አንተ ግን ከዛሬ ጀምሮ ከልጆቹ ወገን ተቀመጥ።»

ብዕር አነሱ። ሁላችንም ብዕሩን አየን። «ሁለተኛ ክፍል» ብለው ጻፉ።

«ሦስተኛ ብለው አልነበር?» አለች አክስትየው።

«ሒሳብም አለ እኮ፣ እናቴ። እሱን በየትም በኩል አላየችውም።»

እኔ ልጅቷን ነበር የምፈራው። ከሕፃን ጋር ከምቀመጥ አገሬ እገባለሁ ያለችው እሷ ናት፤ ሁለተኛ ክፍልም ለእሷ ሕፃን ነው። መጽሐፉን ከጠረጴዛው ላይ ሳታነሳ ጣቷን ጠርዙ ላይ እያመላለሰች፣

«ትልልቅ ልጅ አለበት?» አለች።

«አንቺን የሚያክሉ አራት አሉ» አሉ ምክትሉ። «እንደ አንቺው ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው የመጡ።»

«ሴቶችም?»

«ሦስቱ ሴቶች ናቸው።»

አሰበች። አክስቷ ስለ ሦስተኛ ክፍል ሁለተኛ ዙር ክርክር ልትጀምር አፏን ስትከፍት ልጅቷ ክንዷን ያዘቻት።

«ተይ አክስቴ። ሸጋ ነው» አለች፤ ከዚያ ወደ ምክትሉ ዞራ ክፍሉ በየትኛው በኩል እንደሆነ ጠየቀቻቸው፤ በመስኮቱ ሲያሳዩዋት ትምህርት ገና አለመከፈቱን ረስታ ልታየው ወጣች።